ሪፖርቱ «ይዘጋጃል»፦ በቡድን ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቡድን ሲከሽፍ ጣት የሚቀሰረው ብዙ ጊዜ በሰነፎቹ ላይ ነው። እኔ ግን ትጉሃን ብቻ ተሰብስበውበት መና የቀረ ሥራ አይቻለሁ፤ እርስ በርስ ሊነጋገሩት የሚገባውን ሳይነጋገሩ ቀርተው ነበር።

ሥራን ያለ ባለቤት መተው

አንድ ቃለ ጉባኤ አንሡና ግሶቹን ተመልከቱ። «ሪፖርቱ ይዘጋጃል»፣ «ጉዳዩ ይጠናል»፣ «ደብዳቤው ይላካል»። ማን ነው የሚያዘጋጀው? ግሱ አይናገርም። እያንዳንዱ ሌላው ይዞታል ብሎ ይሄዳል፤ በሳምንቱ ሲገናኙ ሪፖርቱ ዛሬም «ይዘጋጃል»።

ፈረንሳዊው የግብርና መሐንዲስ ማክስ ሪንግልማን በ1913 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ስምንት ሰዎች አንድ ላይ ገመድ ሲጎትቱ የእያንዳንዱ ድርሻ ብቻውን ሲጎትት ከሚያወጣው ጉልበት ወደ ግማሽ ወርዶ ተገኝቷል። ከፊሉ ጉልበት የባከነው ሁሉም በአንድ ቅጽበት ስለማይስቡ ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ተለይቶ በማይታወቅበት ጊዜ ሰው ሳያስበው እንደሚለግም አሳይተዋል። ስለዚህ «እስከ ሐሙስ እኔ አዘጋጀዋለሁ» የሚል አንድ ሰው ካልተገኘ ነጥቡን በቃለ ጉባኤው ባታሰፍሩት ይሻላል።

ዝምታን ስምምነት አድርጎ መውሰድ

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. በስፔኗ ቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ጭጋግ በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ ብዙ ነበር። ሊነሣ በሚንደረደረው አውሮፕላን ውስጥ ግን የበረራ መሐንዲሱ፣ ሌላው አውሮፕላን ከመንገዱ ወጥቶ እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ያለ ጥርጥር «አዎ» አለ። ጥያቄው ዳግም አልተነሣም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል፤ ሥጋቱ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰው አፍ ላይ ነበርና።

«ተቃውሞ ያለው አለ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ተቃዋሚ ተብሎ መታየት የሚፈልግ ጥቂት ነው። «ይህ ሥራ ቢበላሽ በምን ይበላሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ከአዲሱ ወይም ከወጣቱ ባልደረባ ጀምሩ፤ አለቃ መጨረሻ ይናገር። አለቃ አስቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሐሳቡን የሚደግፍለትን ቃል መፈለግ ይጀምራል።

ሥራ ሲዘገይ ሰው መጨመር

አምስት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው የሚነጋገሩባቸው መስመሮች 10 ናቸው፤ አሥር ሲሆኑ 45 ይደርሳሉ። አዲሶቹን የሚያስተምሩትም ጊዜ ያጠራቸው ነባሮቹ ናቸው። ከሰው ብዛት በፊት ከሥራው ላይ የሚቀነስ ፈልጉ።

በአንድ ቃል ሁለት ነገር መረዳት

ወደ ማርስ የተላከች አንዲት የአሜሪካ መንኮራኩር በ1999 እ.ኤ.አ. የጠፋችው አንዱ ቡድን በእንግሊዝ መለኪያ ያሰላውን ሌላው በሜትሪክ መለኪያ የተሰላ መስሎት ስለተጠቀመበት ነው። በቢሮም «አልቋል» የሚለው ቃል እንዲሁ ያሳስታል። ለጸሐፊው ተጽፏል ማለት ነው፤ ለሚጠብቀው ደግሞ ታርሞ፣ ተፈርሞ ተልኳል ማለት ነው። ሥራው ሳይጀመር «አለቀ የምንለው ምን ሲሆን ነው?» ተባባሉና መልሱን ሁሉም በሚያየው ቦታ በአንድ መስመር ጻፉት።