ልስን ወይስ ጂፕሰም ቦርድ? መጀመሪያ ግድግዳውን ይመርምሩ

ልስን ይሻላል ወይስ ጂፕሰም ቦርድ (በወረቀት የተሸፈነ የጀሶ ሰሌዳ) ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ግድግዳው ደረቅ ነው? ይህን ሳያረጋግጡ ዕቃ አይግዙ።

እኔ የተማርኩት በገዛ ቤቴ ነው። የመኝታ ክፍሌ ልስን ከወለሉ በላይ እየተፈረፈረ ቢያስቸግረኝ በብረት ፍሬም ላይ ቦርድ አልብሼ ቀለም ቀባሁት። አምሮ ነበር። የዝናቡ ወቅት ሲያልፍ ግን ክፍሉ መሽተት ጀመረ። የታችኛውን ቦርድ ስነቅለው የጀርባው ወረቀት ጠቁሯል፤ ጀሶው ደግሞ በአውራ ጣት ሲጫኑት እንደ ጭቃ ይሰረጉዳል። ቦርዱ እርጥበቱን ከዓይኔ ሰወረው እንጂ አላደረቀውም።

ስለዚህ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በማጣበቂያ ቴፕ ያሽጉ። ከሁለት ቀን በኋላ የውሃ ጠብታ ከላስቲኩ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ የአየሩ እርጥበት ነውና መስኮት መክፈት ይበጃል። የሚያፈሰው ቧንቧ ሳይጠገን ወይም ከውጭ ግድግዳው ላይ የተከመረው አፈር ሳይነሳ የሚሠራ ማንኛውም ሥራ ገንዘብ ማባከን ነው።

ደረቅ ከሆነ ልኩን ይዩ። ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ ጣውላ አስደግፈው ክፍተቱን ይለኩ። እስከ አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ያለውን ክፍተት ልስን ያቃናዋል። አራት ሳንቲሜትር ከደረሰ ግን ቦርድ ይምረጡ፤ በአንድ ጊዜ የተለጠፈ ወፍራም ልስን በራሱ ክብደት ይንሸራተታል።

ደረቅና ቀጥ ያለ የብሎኬት ግድግዳ ካለዎት እኔ ያለማመንታት ልስን እላለሁ። ጠንካራ ነው፤ ግጭት ይችላል፤ ከጀርባውም ባዶ ቦታ አይተውም። የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። የደረቀ ብሎኬት የቡኬቱን (የልስኑን ድብልቅ) ውሃ ስለሚመጥጠው አስቀድመው ውሃ ይርጩበት። የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ለሰባት ቀን ያህል ውሃ ያጠጡት፤ ቀለሙን ደግሞ በደንብ እስኪደርቅ፣ አራት ሳምንት ገደማ፣ ያቆዩት። በጣት አንጓ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ሣጥን የሚጮኽ ቦታ ካለ አልያዘም ማለት ነው፤ ያስፈርሱት።

ቦርድ ከመረጡ፣ 12.5 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው ቦርድ የፍሬሙ ቋሚዎች ርቀት ከ60 ሳንቲሜትር አይብለጥ። ቦርዱ ከወለሉ አንድ ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ የወለል ውሃ ወረቀቱን እንዳይነካው። የብሎኑ ራስ ከወረቀቱ ትንሽ ይስመጥ እንጂ አይቅደደው፤ ከቀደደው ያ ብሎን ቦርዱን አይዝም፣ አጠገቡ ሌላ ይምቱ። ከባድ መደርደሪያ የሚሰቀልበት ቦታ ላይ ቦርዱ ከመዘጋቱ በፊት በቋሚዎቹ መካከል እንጨት ያስገቡ። ከዚያም ሜትር ዘርግተው እንጨቱን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ የት እንዳለ የሚያሳይዎት እሱ ብቻ ነው።