ከፋብሪካ የታዘዘ የጭነት መኪና ሲዘገይ፦ ከቀብድ እስከ ርክክብ

አዲስ የጭነት መኪና አዝዘው ወራት ካለፉና «የዕቃ እጥረት አለ» ከሚለው ሌላ መልስ ካላገኙ፣ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባዎት ነገር የፋብሪካ ሰልፍ በመጣ ቅደም ተከተል እንደማይሄድ ነው። ፋብሪካው የሚቀጥለውን ሳምንት ሥራ የሚያቅደው እጁ ላይ ባለው ዕቃ ነው። ከእርስዎ ሦስት ወር ዘግይቶ ያዘዘ ሰው፣ የመረጠው መኪና የጎደለውን ዕቃ የማይፈልግ ከሆነ ቀድሞ ይረከባል። ስለዚህ በየቀኑ ከመደወል ይልቅ የትዕዛዝ ወረቀቱንና ውሉን አውጥቶ መስመር በመስመር ማንበብ ይሻላል፤ ሊለወጥ የሚችለው ነገር ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የጎደለው ዕቃ መኪናውን የት ላይ ያቆመዋል?

አንድ የጭነት መኪና በሺዎች የሚቆጠሩ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ከጎደለ ሌላው ሁሉ መሟላቱ አይረዳም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታየው ይኸው ነው። በ2020 መጀመሪያ የመኪና ፋብሪካዎች ገበያው ይቀዘቅዛል ብለው የቺፕ (የመኪናውን መቆጣጠሪያ ሣጥኖች የሚያሠራ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) ትዕዛዛቸውን ቀነሱ፤ ቺፕ አምራቾቹም ቦታውን ለኮምፒውተርና ለሌሎች የቤት ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ሰጡት። የመኪና ገበያው ከተጠበቀው ቀድሞ ሲያንሰራራ ተራው አልፎ ነበር። በየካቲት 2021 የቴክሳስ ብርድ የቺፕ ፋብሪካዎችን ዘጋ፤ በመጋቢት 2021 ጃፓን ውስጥ በቺፕ አምራቹ ሬኔሳስ የናካ ፋብሪካ እሳት ተነሣ። አንድ ቺፕ ከሲሊከን ዝርግ ተነስቶ እስኪጠናቀቅ ከሦስት ወር በላይ ሊወስድ ስለሚችል፣ ዛሬ የተከፈተ ፋብሪካ ዛሬ መኪና አያስወጣም። በ2022 ደግሞ ዩክሬን ውስጥ የሚሠራው የመኪና ሽቦ ጥቅል በጦርነቱ ምክንያት ተቋረጠ። ይህ ሥራ በአብዛኛው በእጅ የሚከናወንና ለየሞዴሉ የሚለያይ በመሆኑ ወደ ሌላ አገር ለማዛወር ጊዜ ይፈጃል።

ዕቃ ሲጎድል ፋብሪካው ከሦስት አንዱን ያደርጋል። ትዕዛዙን ሳያስገባ ያቆየዋል፤ ወይም ዕቃውን ትቶ ሌላውን ገጣጥሞ ያስረክባል፤ ወይም መኪናውን ሠርቶ የጎደለው እስኪመጣ ሜዳ ላይ ያቆመዋል። ጀነራል ሞተርስ በ2021 አንዳንድ ፒክአፖችን ነዳጅ ለመቆጠብ ሲሊንደር የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ ሳይገጥም አስወጥቷል፤ በኋላም ሞተሩን ቆም ሲሉ የሚያጠፋውን ሥርዓት አውጥቶ ለገዢው የ50 ዶላር ቅናሽ ሰጥቷል። ሦስተኛውን መንገድ በተመለከተ፣ በ2022 አጋማሽ ይኸው ኩባንያ ዕቃ የጎደላቸው 95,000 ያህል መኪኖች እንደያዘ አስታውቆ ነበር።

የእርስዎ መኪና ከሦስቱ በየትኛው ላይ እንዳለ ይወቁ፤ የሚወስዱት እርምጃ እንደዚያው ይለያያልና። ገና ያልገባ ትዕዛዝ ሊስተካከል ይችላል። ዕቃ ተትቶበት የሚወጣ መኪና የዋጋና የስምምነት ጉዳይ ነው። ሜዳ ላይ የቆመ መኪና ደግሞ በርክክብ ቀን ጠንካራ ምርመራ ይፈልጋል።

ለአከፋፋዩ የሚቀርቡ ጥያቄዎች

«መቼ ይደርሳል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ግምት ብቻ ነው። የሚከተሉት ግን ቁጥር ያለው መልስ አላቸው፦

1. ከዚህ ሞዴል በወር ስንት ኮታ ይደርሳችኋል?
2. በኮታው ውስጥ የእኔ ትዕዛዝ ስንተኛ ነው?
3. ካዘዝኳቸው አማራጮች ውስጥ ፋብሪካው የገደባቸው የትኞቹ ናቸው?
4. ትዕዛዙ በደንበኛ ስም ነው የገባው ወይስ ለግቢ ክምችት?

ሁለተኛውን ለአንደኛው ያካፍሉ። አከፋፋዩ በወር 2 መኪና የሚያገኝ ከሆነና እርስዎ 9ኛ ከሆኑ፣ የዕቃ እጥረቱን ሳይቆጥሩ እንኳ ተራዎ አምስተኛው ወር ላይ ነው። ኮታ ብዙውን ጊዜ ያለፈውን ሽያጭ ተከትሎ ስለሚሰጥ ትልቁ አከፋፋይ የበለጠ ያገኛል፤ የትልቁ ሰልፍም ግን ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ቁጥሮች አብሮ ማየት ያስፈልጋል። አራተኛው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአንዳንድ ፋብሪካዎች በደንበኛ ስም የተመዘገበ ትዕዛዝ ቅድሚያ ስለሚያገኝ፣ በስህተት ለክምችት የገባ ወረቀት ወራት ያስከፍላል። የትዕዛዙን ቅጂ ጠይቀው ስምዎ እንዳለበት ያረጋግጡ።

በሦስተኛው ጥያቄ ላይ ጊዜ ይስጡ። በአብዛኛው ሰልፉን የሚያስረዝመው ሞተሩ ወይም ካምቢዮው ሳይሆን የተጨመረው ምቾት ነው፤ የዙሪያ ካሜራ፣ የሚሞቅ ወንበር፣ ትልቁ ስክሪን፣ ልዩ ቸርኬ። እያንዳንዱ የራሱ መቆጣጠሪያ ሣጥን ወይም የራሱ ሽቦ ይፈልጋል። መኪናው ለሥራ ከሆነ የሚያስፈልገውንና የሚያምረውን ለዩ፤ የሞተሩን ጉልበት፣ የሁለቱን አክስል ርቀት፣ የአክስሉን የመሸከም አቅምና የዲፈረንሺያሉን ጥርስ አይንኩ፤ ሌላውን ለድርድር ያቅርቡ። እነዚያ አራቱ በኋላ ሊጨመሩ ወይም ሊለወጡ አይችሉም፤ ቢቻልም ዋጋቸው አይቀመስም። ካሜራ ግን ከርክክብ በኋላም ይገጠማል።

ለውጥ የሚደረገው ትዕዛዙ ለምርት ከመቆለፉ በፊት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ቀለም መቀየር እንኳ ትዕዛዙን ሰርዞ እንደ አዲስ ማስገባት ሊሆን ይችላል፤ ሰልፉም ከጅራቱ ይጀመራል። ከመንካትዎ በፊት «ይህን ብቀይር ተራዬ ይጠበቃል?» ብለው በጽሑፍ ያስመልሱ።

ውሉ ላይ መኖር ያለበት

ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት፣ ከፍለው ከሆነም በተጨማሪ ስምምነት፣ አራት ነገሮች ይስፈሩ። ዋጋው ትዕዛዙ በገባበት ቀን እንደጸና እንዲቆይ፤ ትዕዛዙ ወደሚቀጥለው ዓመት ሞዴል ከተዛወረ ማን ልዩነቱን እንደሚሸፍን፤ አንድ ዕቃ ሳይገጠም ቢመጣ ያለ ፈቃድዎ እንዳይረከብና ስንት እንደሚቀነስ፤ እስከ ተወሰነ ቀን ካልተመረተ ቀብዱ ያለ ቅጣት እንደሚመለስ። የመጨረሻው ቀን ሳይጻፍ «ቀብዱ ይመለሳል» ማለት ብቻ አይበቃም።

«ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት» የሚለውን አንቀጽ በጥሞና ያንብቡ። ብዙ ጊዜ የዕቃ እጥረትን ያለ ገደብ ይጨምራል፤ እንዲያ ከሆነ ሻጩ ለዓመታትም ቢዘገይ አይጠየቅም። ከ90 ወይም ከ120 ቀን በኋላ ሁለቱም ወገን ውሉን ማፍረስ እንዲችል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስጨምሩ። ይህ ዓረፍተ ነገር ሳይጻፍ መቅረቱ ከሁሉም በላይ የሚያስቆጭ ነው።

ሁለት አከፋፋይ ዘንድ ማዘዝ ይቻላል፤ ግን ሁለቱም ቀብድ የሚመለስ ከሆነ ብቻ፣ አንደኛው ለምርት ሲታቀድ የሚሰጠውን የሻንሲ ቁጥር ሲያገኝም ሌላውን በዚያው ቀን መሰረዝ ተገቢ ነው። ሳይሰርዙ መቆየት የሌላ ሰው ተራ መያዝ ነው።

ትዕዛዙን መከታተል

ትዕዛዝ መጀመሪያ የትዕዛዝ ቁጥር ብቻ አለው። ለምርት ሲታቀድ 17 ፊደልና አኃዝ ያለው የሻንሲ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ መጣ ማለት መኪናው ተሠራ ማለት አይደለም፤ ታቀደ ማለት ነው፤ ዕቃ ከጎደለ ዕቅዱ ደግሞ ሊገፋ ይችላል። በሰሜን አሜሪካ ሥርዓት በሚሰጡ ቁጥሮች ላይ አሥረኛው ቦታ የሞዴሉን ዓመት ያሳያል፤ ትዕዛዝዎ ሳያውቁት ወደሚቀጥለው ዓመት መዛወሩን ከዚያ ያያሉ።

ጀነራል ሞተርስ ለትዕዛዝ ደረጃ ቁጥር ይጠቀማል፦ 1100 ገና የገባ፣ 2000 የተቀበለው፣ 3000 የምርት ክፍል የተቀበለው፣ 3300 የታቀደ፣ 3400 ወደ መገጣጠሚያው መስመር የተላለፈ፣ 3800 የተሠራ፣ 4200 የተጫነ፣ 5000 አከፋፋዩ ጋ የደረሰ። ሌሎች አምራቾች ሌላ ስም ይሰጡታል፤ አካሄዱ ግን ተቀራራቢ ነው። በ2000 ላይ ወራት ከቆየ ችግሩ ኮታ ወይም የተገደበ አማራጭ ነው፤ የላይኛውን ጥያቄ ይድገሙ። 3800 ላይ ደርሶ ካልተንቀሳቀሰ ግን ምናልባት ሜዳ ላይ ዕቃ እየጠበቀ ነው፤ «የተያዘው በምን ዕቃ ነው?» ብለው ይጠይቁ። አከፋፋዩን በሁለት ሳምንት አንዴ፣ በጽሑፍ፣ የትዕዛዝ ቁጥሩን ጠቅሶ መጠየቅ በቂ ነው፤ መልሶቹን ያስቀምጡ።

አሮጌውን መኪና እንዴት ያቆዩታል

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አዲሱ በአራት ወር ይመጣል ተብሎ ለአሮጌው ጎማ አይገዛም፣ ፍሪሲዮን አይቀየርም፤ ሰባተኛው ወር ላይ ሁለቱም መኪና የለም። የተነገረዎትን ጊዜ በእጥፍ ይውሰዱና ለዚያ ያህል ጊዜ የሚያስፈልገውን ጥገና አሁን ያቅዱ። ደንቡ ቀላል ነው፤ መኪናውን መንገድ ላይ የሚያቆመው ነገር ሁሉ ይሠራ፣ መልክን የሚመለከተው ይተው።

የፍሬን ሸራ፣ የጎማ ጥርስ፣ የአየር ማድረቂያው ፊልትሮ፣ ቺንጋዎች፣ የራዲያተር ፈሳሽና የኩሽኔታ ልቅነት ይታዩ። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለሰዓታት ካረፈ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ ብቻ ቀርቷል። ሞተር ሲነሣ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ በአንድ ጠዋት ያቆምዎታል። የጭስ ማጣሪያው በቶሎ በቶሎ ራሱን ማጽዳት ካበዛ ሳይደፈን አውጥተው ያሳጥቡት።

ፋብሪካውን ያቆመው እጥረት የመለዋወጫ ሱቁንም እንደሚይዝ አይርሱ። በ2021 በቺፕ እጥረት የአድብሉ (የናፍጣ ሞተርን ጭስ ለማጽዳት የሚሞላ ፈሳሽ) ጥራት ሴንሰር ጠፍቶ ነበር፤ ሴንሰሩ ሲበላሽ ሞተሩ ጉልበቱን በራሱ ስለሚቀንስ፣ መኪኖች በአንድ ትንሽ ዕቃ ምክንያት ቆሙ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም ሞተር አምራቾች በሶፍትዌር ለጊዜው እንዲያሳልፉት እስከ መፍቀድ ደርሷል። ስለዚህ ለመኪናዎ ለማግኘት የሚያስቸግረውን አስቀድመው አንድ አንድ ይግዙ፤ የናይትሮጅን ኦክሳይድና የአድብሉ ሴንሰር፣ ዲናሞ፣ ሞተሪኖ፣ የውሃ ፓምፕ። የአሮጌው ዋስትና የሚራዘም ከሆነም ከማለቁ በፊት ነው የሚራዘመው።

አሮጌውን ለአከፋፋዩ ለመስጠት ተስማምተው ከሆነ የተሰጠዎት ዋጋ እስከ ስንት ቀንና እስከ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚጸና ይጻፍ። የባንክ ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ ጊዜው ካለፈ ወለዱ እንደ አዲስ ይሰላል።

ባዶ ሻሲ ካዘዙ ቦዲ ሠሪውን አሁኑኑ ያነጋግሩ፤ ሙሉ ገንዘብ ግን የሻንሲ ቁጥር ሳይመጣ አይክፈሉ። በእጥረት ጊዜ ፋብሪካ ጎማን ወይም የነዳጅ ሰልባትዮን በሌላ ሊተካ ይችላል፤ ከጋቢናው ጀርባ እስከ ኋላ አክስል ያለው ርቀት ወይም የሰልባትዮው ቦታ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ቢለወጥ አስቀድሞ የተሠራ ቦዲ አይቀመጥም። ብረት ከመቆረጡ በፊት ሠሪው ራሱ በሻሲው ላይ ይለካ።

የርክክብ ቀን

የበሩ ምሰሶ ላይ ያለውን የምርት ወር ከርክክቡ ቀን ጋር ያወዳድሩ። ልዩነቱ ከሦስት ወር ካለፈ መኪናው ቆሞ የነበረ ሊሆን ይችላል፤ እንደ ቆመ መኪና ይመርምሩት። የጎማው የመጨረሻ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራሉ፤ 3522 ማለት የ2022 35ኛ ሳምንት ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ የቆመ ጎማ ከታች ይዘረጋል፤ ንዝረቱ ጎማው ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ይቀየርልዎ። ባትሪው ባዶ ሆኖ የቆየ ከሆነ ቻርጅ ተደርጎ 12.6 ማሳየቱ ብቻ አያሳምንም፤ በጭነት ይፈተን። አድብሉ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 18 ወር፣ በ35 ዲግሪ ግን 6 ወር ያህል ብቻ ይቆያል፤ ሞቃት ሜዳ ላይ የከረመው ይደፋና አዲስ ይሞላ። የፍሬን ዲስክ ዝገት፣ በኮፈኑ ሥር የአይጥ ጎጆና የተበላ ሽቦ ይታይ፤ አይጥ የበላው ሽቦ ከወራት በኋላ ነው ችግር የሚያመጣው።

የአየር ፍሬን ያለው ከሆነ ጎማውን በታኮ ይዘው የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፤ አየሩ ሙሉ ሆኖ ሞተሩን ያጥፉና ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ረግጠው ይያዙ። ነጠላ መኪና ከ3 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ)፣ ከነተሳቢው ከ4 ፒ.ኤስ.አይ በላይ ካጣ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ከዚያ በሻንሲ ቁጥሩ የተጠራ ጥገና (አምራቹ ጉድለት አግኝቶ መኪናውን ለጥገና የጠራበት) መኖሩንና የመቆጣጠሪያ ሣጥኖቹ ሶፍትዌር መታደሱን ያስፈትሹ፤ ዕቃ በኋላ የተገጠመላቸው መኪኖች ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ያልተገጠመ ነገር ካለ ስሙ፣ የሚገጠምበት ቀንና ወጪውን የሚሸፍነው አካል በአንድ ወረቀት ተጽፎ ይፈረምበት፤ በቃል ቃል የተገባ ዕቃ ሻጩ ሥራ ሲቀይር አብሮ ይሄዳል። በመጨረሻም የዋስትናው መነሻ ቀን ዛሬ፣ ማለትም እርስዎ ቁልፍ የተቀበሉበት ቀን እንጂ መኪናው የተሠራበት ወይም አከፋፋዩ ጋ የገባበት ቀን አለመሆኑን ሰነዱ ላይ አይተው ይፈርሙ።