ፕሪፊክስ ሸምድዳችሁ ለምትመጡ

የእንግሊዝኛ ተማሪዎቼ ፕሪፊክሶች፣ ማለትም ከቃል ፊት የሚቀጠሉ ቅጥያዎች፣ ከነትርጉማቸው የተዘረዘሩበት አንድ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። «አን» አይደለም፣ «ሪ» እንደገና፣ «ፕሪ» በፊት። ወረቀቱ ክፋት የለውም። ክፋቱ እሱን ተማምኖ መዝገበ ቃላት አለመግለጥ ነው።

ከሁሉም የሚያበግነኝ እንደ «አን» ሁልጊዜ «አይደለም» ማለት የሚመስላቸው «ኢን» ነው። አንዱ ጎበዝ ተማሪዬ ቦቴ መኪና ላይ «ኢንፍላመብል» የሚል አየና «እሳት አይዘውም ማለት ነው» ብሎ ለጓደኞቹ አስረዳ። ያውም በልበ ሙሉነት! ኧረ በሕግ! ቃሉ በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው። እዚህ ላይ «ኢን» አፍራሽ አይደለም፤ «ማቀጣጠል» ከሚለው የላቲን ግስ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ደግሞ የሚሳሳተው እንግሊዝኛ ተማሪ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር በፈረንጆቹ 1920ዎቹ «ኢን»ን ጣሉና «ፍላመብል» በሉ ብሎ የወተወተው ለዚሁ ነው። ዛሬም ሁለቱም ቃላት አሉ፣ ትርጉማቸውም አንድ ነው።

«ኢንቫሊዩብል»ስ? ዋጋ ቢስ ብላችሁ እንዳትተረጉሙት። እዚህ «ኢን» በእርግጥ አፍራሽ ነው፤ የሚያፈርሰው ግን መተመኑን ነው። ዋጋው ከግምት በላይ የሆነ ማለት ነው።

ሌላው፣ ፊደሉን ባዩበት ሁሉ ፕሪፊክስ መፈለግ። «አንክል» አጎት ነው፣ በቃ። «አስበላ፣ አስጻፈ» ብሎ የተማረ ፈረንጅ «አስፋልት» ውስጥ ያንኑ «አስ» ቢፈልግ ትስቁበት የለ? «አን»ን ወይም «ሪ»ን ስትቆርጡ የሚተርፈው ራሱን የቻለ ትርጉም ከሌለው፣ አትድከሙ፤ ቃሉን እንዳለ ያዙት።

«አንቲ» ተቃራኒ፣ «አንቴ» በፊት ነው። ጤና ጣቢያ «አንቴናታል» የሚባለው ከወሊድ በፊት ያለው ክትትል ነው። ወሊድን የሚቃወም ጤና ጣቢያ የለም።

«ሃይፐር» እና «ሃይፖ» ላይ ግን አልቀልድም፣ በተለይ ጤና ለምታጠኑ። «ሃይፖግላይሴሚያ» የደም ስኳር ሲወርድ፣ «ሃይፐርግላይሴሚያ» ሲጨምር ነው። ለመጀመሪያው ቶሎ ጣፋጭ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ጣፋጭ ያብስበታል። በአንዲት ፊደል ሰው ይጎዳል።

«የማይቻል» ለማለት «አንፖሲብል» የምትሉም አላችሁ። ከ«ፒ»፣ ከ«ቢ» እና ከ«ኤም» በፊት «ኢን» ወደ «ኢም» ይለወጣል፤ «ኢምፖሲብል» የሆነው ለዚህ ነው። «አን» ግን አይለወጥም፤ «አንፖፑላር» (ተወዳጅ ያልሆነ) ትክክል ነው። የትኛው ቃል የትኛውን እንደሚወስድ በማንበብ እንጂ በሕግ አይለይም።

«ባይዊክሊ»? በሳምንት ሁለቴም፣ በሁለት ሳምንት አንዴም ይሆናል። ቀጠሮ ከሆነ ቀኑን ጠይቁ።