ስቴሪዮ ለመግዛት ሳሎንዎን ለክተው ይውጡ

ሙዚቃ በጥሞና የሚያዳምጥ ሰው ስቴሪዮ ሲያምረው ወደ ሱቅ ከመሮጡ በፊት ሜትር ያወጣል። እርስዎም ከሳሎንዎ ይጀምሩ። ወርዱንና ርዝመቱን ከለኩ በኋላ መሐል ላይ ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ጭብጨባው እየተንጫረረ ይመለስልዎታል፤ እዚህ ቤት የገባ ውድ ስፒከርም ጩኸት ነው። ስለዚህ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ በስቴሪዮው በጀት ውስጥ ያስገቡ። ሁለቱ ስፒከሮችና የእርስዎ ወንበር ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ ቦታ ይምረጡ። ቡፌ ውስጥ የተወሸቀ ስፒከር ወፍራሙን ድምጽ ያለልክ ያሳብጠዋል። እኔ ሦስት በአራት ሜትር በሆነች ክፍል እስከ ደረቴ የሚደርሱ ስፒከሮች አቁሜ፣ ከበሮው ዘፋኙን ሲውጠው አንድ ዓመት ኖሬያለሁ።

በጀቱን ሲከፋፍሉ ትልቁን ድርሻ ለስፒከር ይስጡ። ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጡት አምፕሊፋየሮች መካከለኛ ዋጋ ያላቸው ከሆኑ የድምጽ ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ የስፒከሮችን ልዩነት ግን ማንም ጆሮ ይለየዋል። ለሽቦ የሚጠየቀውን ገንዘብ እዚያው ይተዉት፤ ለጥቂት ሜትር ርቀት በጣም ያልቀጠነ ተራ የመዳብ ሽቦ ይበቃል።

ቀጥሎ ቁጥሮቹን ያንብቡ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት ብዙም አይነግርዎትም። ስፒከሩ በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የድምጽ ከፍታ መለኪያ) እንደሚያወጣ ይፈልጉ። 90 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር በ25 ዋት የሚደርስበትን የድምጽ ከፍታ፣ 84 የሚያወጣው ለመድረስ 100 ዋት ይፈልጋል። ስፒከሩ 4 ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ) ከሆነ ደግሞ አምፕሊፋየሩ 4 ኦም እንደሚችል መጻፉን ያረጋግጡ።

ትልቁ ሥራ ማዳመጡ ነው። የሱቁን ማሳያ ዘፈን ትተው በቃልዎ የሚያውቁትን ይዘው ይሂዱ። ሁለት ስፒከሮች ሲያወዳድሩ የድምጻቸው ከፍታ እኩል ይሁን፤ ጆሯችን በጥቂቱ ከፍ ያለውን ድምጽ ጥራት ያለው አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ሻጭም ይህን ያውቃል። ከተቻለ ሌላ ሰው እየቀያየረ፣ እርስዎ የትኛው እንደሚጫወት ሳያውቁ ያዳምጡ። የእኔ መፈተኛ በገና ነው። ከጅማቶቹ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው እዝዝታ ከወፍራሙ ድምጽ ተለይቶ ካልተሰማኝ ዋጋ አልጠይቅም። ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ይቀመጡ፤ መጀመሪያ ላይ ጥርት ብሎ የሚማርክ ቀጭን ድምጽ በኋላ ጆሮ ያደክማል።

ያገለገለ ስፒከር ከሆነ ሽፋኑን አስነስተው እየተርገበገበ ድምጽ የሚያወጣውን ሾጣጣ ጠርዝ በጣት ይንኩ። ስፖንጅ ከሆነና ከፈረፈረ የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ያስቀንሱ።

ዘመድ ከአሜሪካ ሊልክልዎ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ እንዲልክ ይጠይቁት። 120 ቮልት ብቻ የሚል ዕቃ የእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። የሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ግን ትራንስፎርመሩም ላይበቃ ይችላል። በአንዳንድ አሮጌ ማጫወቻዎች የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነው ትራንስፎርመር የማይለውጠው የመብራቱ ሄርዝ (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት) ነው፤ የአሜሪካው 60፣ የእኛው 50 ነው። እንዲህ ያለ ማጫወቻ ላይ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር የነበረበት ሸክላ 37 ተኩል ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ዘፋኟም በወንድ ድምጽ ታንጎራጉራለች።