ከትራስ ሥር የተገኘው የፎስፈረስ ኪኒን

አባቴ ፍኖተ ሰላም ነው የሚኖሩት፤ ለኩላሊት እጥበት ባሕር ዳር እናመላልሳቸዋለን። በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንሶላ ልቀይር ትራሱን ባነሳ የፎስፈረስ ኪኒናቸው ተበተነ፤ ኩላሊት ሲደክም በደም የሚጠራቀመውን ፎስፈረስ ለመቀነስ የታዘዘላቸው። ቆጠርኩት፣ 41 ፍሬ። «ጉበት ይጨርሳል ሲሉኝ ጊዜ ነው» አሉኝ አንገታቸውን ደፍተው። ሌሊት ቆዳቸውን ሲያክኩ መክረማቸው ያኔ ትዝ አለኝ፤ ፎስፈረስ ሲበዛ ያሳክካልና።

እንደኔ የምታስታምሙ ከሆነ መጀመሪያ ካርቶኑን አንብቡ፤ የፎስፈረስ ኪኒን ሁሉ አንድ አይደለም። የአባቴ ሲቬላመር ነው። ይህ ወደ ደም አይገባም፤ አንጀት ውስጥ ከምግቡ ፎስፈረሱን ይዞ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ካልሲየም ካርቦኔት ከሆነ የሚያሰጋው ደም ውስጥ ካልሲየም ማብዛቱ ነው እንጂ ጉበት አይደለም። ላንታነም የሚወስድ ሰው ግን የሐሞት መስመሩ ተዘግቶ ወይም ጉበቱ ክፉኛ ታሞ ከሆነ ቀድሞ ለሐኪሙ ይንገር፤ ወደ ደም የምትገባዋ ጥቂቷ የምትወጣው በሐሞት በኩል ነው። ብረት ያለበት ፌሪክ ሲትሬት ደግሞ ብረቱ በሰውነት እንዳይከማች በደም ምርመራ ይታያል።

ኪኒኑ የሚሠራው ከምግብ ጋር ነው። እኛን ያሳሳተን ጾሙ ነበር፦ አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ጠዋት ኪኒን እሰጣቸው ነበር። ባዶ ሆድ ውስጥ የሚይዘው ፎስፈረስ የለም፣ ልፋት ብቻ። አሁን ብልቃጡ ሞሰቡ አጠገብ ነው፤ እንጀራው ሲቀርብ ኪኒኑም ይቀርባል። ሲቬላመር ሳይታኘክ ይዋጣል፣ የሚታኘከው ላንታነም ነው። ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘላቸው ደግሞ ከሲቬላመር ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይቅደም፤ አለዚያ አብሮ ይያዝና ጉልበቱን ያጣል።

የላቦራቶሪው ወረቀት ሌላ ድንጋጤ አመጣ። አልካላይን ፎስፋቴዝ (ከጉበት የሚመጣ፣ በደም የሚለካ ኢንዛይም) ከፍ ብሏል፤ ዘመድ ሁሉ «ይኸው ጉበቱ!» አለ። ይህ ነገር ግን ከአጥንትም ይወጣል፣ ኩላሊት ሲደክም አጥንት ይጎዳልና። ሐኪሙ ጂጂቲ የሚባለውን፣ ከጉበት እንጂ ከአጥንት የማይመጣውን፣ አሠርቶ አየ፤ ደህና ነበር። ፎስፈረስ ሲበዛ ደግሞ አንዱ የሚጎዳው አጥንት ነው፤ አባቴ ጉበቴን ብለው የጣሉት ኪኒን አጥንታቸውን የሚጠብቀው ነበር። ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ምርመራም እጥበት ላይ ባለ ሰው ዝቅ ማለት ስለሚወድ «ኖርማል ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ካለፈው ወረቀት ጋር አስተያዩት።

ጉበቱን ከልብ የምትሰጉለት ከሆነ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ተመርምረዋል? የቢ ክትባቱን ጨርሰዋል? ለራስ ምታት እያሉ ፓራሲታሞል ያበዛሉ? አረቄውስ? (የጎጃም ሰው ለእንግዳ አረቄ አልቀዳም ማለት ይከብደዋል፤ የኛ ግን ቆሟል።) ዓይን ቢጫ ሲሆን «ወፍ ነው» ብላችሁ ቅጠል አታጠጡ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዷቸው። ሽንት ጠቆረ የሚለውን ምልክት አትጠብቁ፤ አባቴ ለምሳሌ ሽንታቸው ከቀረ ቆይቷል። እኔ ጠዋት ጠዋት በር ላይ አስቀምጬ የዓይናቸውን ነጩን አያለሁ፤ እሳቸውም «ዛሬስ ምን አገኘሽ?» ይሉኛል።