ሳንድብላስተር ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፕሬሰራችሁን እዩ

ለቤት ወርክሾፕ ትንሽ ሳንድብላስተር (ሻካራ ቅንጣት በአየር ግፊት እየረጨ ዝገትና ቀለም የሚያነሳ መሣሪያ) ስንመርጥ ብዙዎቻችን የምናየው የኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም የአየር መጭመቂያውን፣ ግፊት ነው። ወሳኙ ግን በደቂቃ የሚሰጠው የአየር መጠን ነው። እሱ ካነሰ ትንሽ ረጭቶ ብዙ መጠበቅ ነው። ኖዝሉም (ርጭቱ የሚወጣበት አፍንጫ) እያደር ይበላል። ቀዳዳው ከ2 ወደ 3 ሚሊሜትር ከሰፋ የሚፈልገው አየር ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ ስለዚህ መለዋወጫ ያዙ።

አደራ፣ ተራ አሸዋ አትጠቀሙ! አሸዋው ውስጥ ያለው ሲሊካ የሚባል ማዕድን ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይድን በሽታ ያመጣል። በአሸዋው ፋንታ ጋርኔት ወይም አሉሚኒየም ኦክሳይድ የሚባሉት ሻካራ ቅንጣቶች ይሻላሉ። ያኔም ቢሆን ማጣሪያ ያለው ማስክ ግድ ነው፤ የጨርቁ አይበቃም።

ርጭቱ ትፍ ትፍ እያለ ከተቆራረጠ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው። የኮምፕሬሰሩን ውሃ አፍስሱ። ቀጭን ላሜራ ላይ ደግሞ እጃችሁ አንድ ቦታ አይቁም፣ ይጣመምባችኋል።