የቤተ ክርስቲያን ሚዲያ አሠልጣኞች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለሥልጠና የሚመጡት አብዛኛውን ጊዜ ከሥራና ከትምህርት የተረፈ ሰዓታቸውን የሚሰጡ አገልጋዮች ናቸው። የመጪውን እሑድ ማስታወቂያ የሚያወጡትም እነሱ ናቸው። ሥልጠናው የሚከሽፈው ይህን ሥራ ትቶ ስለ «ዲጂታል ዘመን» ሲተርክ ነው።

በአንድ ከሰዓት ሁሉንም ማስተማር። ፎቶ፣ ላይቭና ፖስተር ሲደራረቡ ሠልጣኙ ማስታወሻ ይዞ ይሄዳል እንጂ እጁ አይፈታም። ሦስት ሰዓት ካላችሁ ገለጻው ከ40 ደቂቃ አይለፍ፤ በቀረው ጊዜ እያንዳንዱ የራሱን አጥቢያ ማስታወቂያ ይጻፍ፣ እዚያው ይታረምለት።

ስላይድ ላይ ጽሑፍ ማጨቅ። ፊደላችን የሚለያየው በጥቂት ጭረት ስለሆነ፣ በትንሹ ሲጻፍ ከኋላ ለተቀመጠ ሰው «ቡ» እና «ቢ» አይለዩም። ከ32 ፖይንት አታሳንሱ፣ ከአምስት መስመር አታስበልጡ። በድሮ የግዕዝ ሶፍትዌር የተጻፈ ፋይል ደግሞ ሌላ ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል፤ በዩኒኮድ (በየትኛውም ኮምፒውተር በሚነበበው የፊደል ሥርዓት) ጻፉ፣ ፒዲኤፉን በፍላሽ ያዙ።

ከሁሉ የሚከፋው ቻናሉ የማን እንደሆነ ሳያጣሩ መጀመር ነው። የቴሌግራም ቻናሉ ብዙ ጊዜ የተከፈተው በአንድ ወጣት የግል ስልክ ነው፤ ልጁ አገር ሲለቅ ወይም ሲም ካርዱ ሲጠፋ ቻናሉ ባለቤት ያጣል። «ሥልጠናው ላይ እናዛውረው» ማለት አያዋጣም። ቴሌግራም ባለቤትነት የሚያዛውረው የባለቤቱ አካውንት ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ (ከሚላከው ኮድ ሌላ የሚጠየቅ የይለፍ ቃል) ከበራ ቢያንስ 7 ቀን፣ በዚያ ስልክ ከገባ ደግሞ 24 ሰዓት ሲሞላው ነው። ስለዚህ «ከሥልጠናው 10 ቀን ቀድማችሁ ማረጋገጫውን አብሩ» የሚለው መመሪያ ከጥሪው ደብዳቤ ጋር ይላክ። ተረካቢው አካውንት በቤተ ክርስቲያኒቱ ጽሕፈት ቤት ስልክ ቁጥር የተከፈተ ቢሆን ይመረጣል፤ መጀመሪያ ሙሉ ሥልጣን ያለው አድሚን አድርጉት፣ ከዚያ ማዛወሪያው ይመጣል። ፌስቡክ ላይም ገጹን የሚቆጣጠር ሰው ብቻውን አይሁን።

ቀንና ሰዓትን «ይህማ ይታወቃል» ብሎ ማለፍ። «እሑድ 3 ሰዓት» አዲስ አበባ ላይ ግልጽ ነው፤ ዋሽንግተን ያደገ ልጅ ግን ከሰዓት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ለውጭ አጥቢያዎች የአገሩን አቆጣጠር ጨምሩ፦ ጠዋት 9፡00። ጥምቀትም ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይውላል፣ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ግን 20 ይሆናል፤ በ2016 እንዲህ ነበር። ያለፈውን ፖስተር ቀድቶ ዓመቱን ብቻ የሚቀይር ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል። የዕለቱ ስም አብሮ ይጻፍ፤ ስህተቱን ቶሎ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

የሕፃናትንና የእርዳታ ተቀባዮችን ፎቶ ያለ ፈቃድ ለማሳያ አትጠቀሙ፤ ሠልጣኙ ያየውን ይደግማል።

የሰበካ ጉባኤውን አባላት ወይም ሽማግሌዎቹን ሳይጠሩ ወጣቶችን ብቻ ማሠልጠንም ከንቱ ልፋት ነው። ሰኞ ላይ «ማን ፈቀደልህ?» ሲባል ሥራው ይቆማል። ለመጨረሻው 30 ደቂቃ ጥሯቸውና ማን እንደሚጽፍ፣ ማን እንደሚያርም፣ ዓርብ በስንት ሰዓት እንደሚለጠፍ እዚያው ተስማምተው ስምምነቱ በተጻፈበት ወረቀት ላይ ይፈርሙ።